የተድሞር ቀረጥ

መጽሐፈ ዜና መዋዕል ሰሎሞን በምድረ በዳ ሠራት የሚላት ተድሞር፣ ግሪኮችና ሮማውያን ፓልሚራ ያሏት፣ በሶርያ በረሃ መካከል ያለች ከተማ ናት። ታሪኳ ሲወራ ምንጯና ቴምሯ ይቀድማሉ። ምንጭ ያለው በረሃ ግን ብዙ ነው፤ ሁሉም ከተማ አልሆነም።

ያበለጸጋት ጎረቤቶቿ ናቸው። ሮምና ፓርቲያ በጠላትነት ቢተያዩም፣ የሕንድ ቅመምና የቻይና ሐር ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነበረበት። አሻጋሪዋ ተድሞር ሆነች። ሲራራ ነጋዴዎቿ በግመል እስከ ኤፍራጥስ፣ ከዚያ በወንዙ ወርደው በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ እስካለው የካራክስ ወደብ ይዘልቁ ነበር። ቅፍለቱን መርቶ በሰላም ላስገባ አለቃ፣ በእኛ አፍ ነጋድራስ ልንለው እንችላለን፣ ነጋዴዎቹ በከተማዋ ሐውልት ያቆሙለት ነበር።

ኑሮዋን ከቅርብ የሚያሳየን እ.ኤ.አ. በ137 በግሪክና በአገሬው አራማይክ የተቀረጸው የቀረጥ ሕግ ነው። በቀድሞው ሕግ ያልተጠቀሰ ሸቀጥ ስለበዛ ነጋዴና ቀራጭ ይጣሉ ነበር፤ ምክር ቤቱ ታዲያ ክፍያውን አንድ በአንድ በድንጋይ አስጻፈው። በአልባስጥሮስ ብልቃጥ የገባ የአንድ ግመል ጭነት ሽቱ 25 ዲናር፣ በፍየል አቁማዳ የመጣው 13። ብልቃጡ የሀብታም ቤት ዕቃ መሆኑን ቀራጩ ሳያውቅ አልቀረም። በምንጮቹ ውኃ መጠቀም እንኳ 800 ዲናር ያስከፍል ነበር።

ውድቀቷን ብዙዎች በንግሥት ዘኖቢያ ያሳብባሉ። እኔ ግን መሠረቱ ቀደም ብሎ የተናደ ይመስለኛል። በ220ዎቹ የፋርስ ሳሳናውያን ፓርቲያን ገልብጠው ካራክስን ያዙ፤ ቅፍለቶችን የሚያወሱት ጽሑፎችም እያደር ተመናመኑ። የዘኖቢያ ባል ኦዴናቱስ ለሮም ወግኖ ፋርሶችን ቢመታም የተዘጋውን መንገድ አላስከፈተም። እሱ ሲገደል ሥልጣኑን የያዘችው ዘኖቢያ በ270 ጦሯን ወደ ግብፅ ላከች። የቀይ ባሕርን የንግድ በር ፈልጋ ነው የሚሉ አሉ፤ ሚዛን ይደፋል። በ272 ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን ድል ነሥቶ ማረካት። በዓመቱ ከተማዋ ዳግም ስታምፅ ተዘረፈች። ኋላ የሮም ጦር ሰፈር ሆነች፤ ወታደር ደግሞ ደመወዝ ይበላል እንጂ ሐር አያሻግርም።

እ.ኤ.አ. በ2015 አሸባሪው አይሲስ በከተማዋ የነበረውን የቤልን ቤተ መቅደስ በፈንጂ አፈረሰው። የቀረጡ ድንጋይ ግን ቀድሞ ወደ ሩሲያ ተወስዶ ስለነበር ዛሬም በሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም አለ።