በማኅደረ ትውስታ እጥረት የሚቋረጥ ፕሮግራም

ከሰቆጣ ወደ ሰሜን ሲወረድ የአበርገሌ ቆላ ይገኛል፡፡ በዚያው አቅጣጫ የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጥሯል፤ ከዓሣ ማስገር የሚተዳደሩ ሰዎችም አሉበት፡፡ ሐይቁ በበጋ ምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ የሚሻ ሰው ላንድሳት 8 የተባለችው ሳተላይት ያነሳቻቸውን ምስሎች ያለ ክፍያ ወስዶ በኮምፒዩተር ሊለካው ይችላል፡፡ ሆኖም ለዚህ ተብሎ የሚጻፈው አጭር ፕሮግራም ሥራውን ሳይፈጽም ከመካከል ሲቋረጥ ይታያል፡፡ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረው ስሌትም አብሮ ይጠፋል፡፡

በኮምፒዩተር ውስጥ ዲስክ እንደ ክምር፣ ማኅደረ ትውስታ ደግሞ እንደ አውድማ ነው፡፡ ክምሩ የቱንም ያህል ቢገዝፍ አውድማው የሚችለው የተወሰነ ነዶ ብቻ ነው፡፡ አንዱ የምስል ንብርብር 58 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፡፡ እያንዳንዱ ነጥብ በዲስክ ላይ 2 ባይት ቢይዝም ፕሮግራሙ ወደ አስርዮሽ ቁጥር ሲለውጠው ብዙውን ጊዜ 8 ባይት ይሆናል፡፡ ስለሆነም ሰባት ንብርብሮች በአንድነት ሲነበቡ 3.3 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳሉ፤ ለስሌቱ ቅጂ ሲወጣላቸው ደግሞ እጥፍ ይሆናሉ፡፡ 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ይህን አይችልም፡፡

ምልክቱ እንደየኮምፒዩተሩ ይለያያል፡፡ ፓይዘን አንዳንድ ጊዜ የማኅደረ ትውስታ ስሕተት መድረሱን በግልጽ ይናገራል፡፡ በሊኑክስ ግን ሥርዓቱ ራሱ ፕሮግራሙን ሊገድለውና «ተገደለ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል ብቻ ሊተው ይችላል፤ ዝርዝሩ የሚገኘው በሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ ነው፡፡ ብዙዎች ይህን ሲያዩ ተጨማሪ ማኅደረ ትውስታ ለመግዛት ይቸኩላሉ፡፡ እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው እላለሁ፤ ፕሮግራሙ የወደቀው በስንተኛው ምስል ላይ ነው? በመጀመሪያው ላይ ከሆነ ምስሉ ከአውድማው በልጧል ማለት ነው፡፡ ዘጠኙን አልፎ በአሥረኛው ላይ ከሆነ ግን ምስሎቹ እኩል እስከሆኑ ድረስ ጥፋቱ የመጠን አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሥራቸው ያለቀውን ምስሎች ሳይለቅ አከማችቷቸዋል፡፡ እንዲህ ሲሆን ከየምስሉ ውጤቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መልቀቅ ይበቃል፡፡

ለመጀመሪያው ችግር መፍትሔው ከጥያቄው ይነሣል፡፡ ውሃን ከየብስ ለመለየት አረንጓዴውና ለቀይ ቅርብ የሆነው ታሕተ ቀይ ንብርብር ይበቃሉ፤ አምስቱን መጫን ከንቱ ሸክም ነው፡፡ ቁጥሩን በ4 ባይት መያዝ ደግሞ የቀረውን በግማሽ ይቀንሳል፡፡ ከዚህም በላይ ምስሉን 500፣ 500 ረድፍ እየከፈሉ ቢያነቡት ሁለቱ ንብርብሮች በአንድ ጊዜ የሚይዙት 30 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው፡፡ በየክፍሉ የውሃ ነጥቦች ይቆጠራሉ፤ ድምሩ ይያዛል፤ ነጥቦቹ ይለቀቃሉ፡፡ አንዱ ነጥብ 900 ካሬ ሜትር ስለሆነ በመጨረሻ የተገኘው ድምር በ900 ሲባዛ የሐይቁ ስፋት ይታወቃል፡፡