ፈረንሳይኛን በ42 ካርታ

ፈረንሳይኛ የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ «ሰባቱ ቤተሰቦች» የሚባለውን ጨዋታ በምዕራብ አፍሪካ ስሞች አዘጋጅታችሁ ሞክሩት። በየቤተሰቡ ስድስት ሰው አለ፦ ሁለት አያቶች፣ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ። በድምሩ 42 ካርታ። ብዙ ቤተሰብ ያሟላ ያሸንፋል።

ትምህርቱ ያለው መጠየቂያው ላይ ነው፦ «ዳን ላ ፋሚይ ዲዮፕ፣ ዠ ድማንድ ላ ግራን-ሜር።» ከዲዮፕ ቤት ሴት አያትን ስጠኝ እንደማለት ነው። «ለ» እና «ላ»ን ያምታታ ካርታው አይሰጠው። የተጠየቀው ሰው ካርታው ከሌለው «ፒዮሽ!» ይላል፤ ጠያቂው ከክምሩ ያነሳል። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ብታስደግሙ ግን ክፍሉ ያንቀላፋል።

የፈረንሳዮቹ ስሞች ዱፖንና ማርቲን ለምን አይሆኑም? ይሆናሉ፤ ጨዋታው ግን ይደርቃል። በሴኔጋል ዲዮፕና ንዲያይ፣ በማሊ ትራኦሬና ዲያራ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ባይተዋወቁም ይተራረባሉ፤ መቀየም የለም። ኩሊባሊ የተባለ ሁሉ ደግሞ ቦሎቄ በላ ይባላል። ስለዚህ የኩሊባሊን ካርታ የያዘውን ተማሪ «ቱ ማንዥ ዴ አሪኮ!» በሉት («ዴ ዛሪኮ» ያለ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ተራውን ያጣል)። እሱም «ኖን፣ ዠ ን ማንዥ ፓ ድ አሪኮ» ብሎ ይከላከላል። «ዴ» በአሉታ «ድ» መሆኑን ሳያስበው ለመደ ማለት ነው።

የካርታዎቹ ሥዕል ላይ ግን ተጠንቀቁ። በማሊ አንጥረኝነትና አዝማሪነት በዘር የሚወረሱ ሙያዎች ናቸው፤ ኩያቴ ለምሳሌ የታወቀ የአዝማሪ ቤት ስም ነው። መዶሻ አስይዛችሁ ብትስሉት የባማኮ ሰው ይስቅባችኋል።