በክረምት ወደ እንጦጦ የሚደረግ የእግር ጉዞ፦ የጉለሌ ተጓዦች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችን ቁጥር ሲጨምር፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ በኩል ወደ እንጦጦ ተራራ የሚወጡ የእግር ተጓዦችም ይበረክታሉ። ከእነርሱ መካከል ለጤናቸው ሲሉ በየሳምንቱ የሚወጡ፣ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ተዋውቀው በቡድን የሚጓዙና ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ እንግዶች ይገኙበታል። ጉዞው የሚያስደስት የመሆኑን ያህል፣ ወቅቱ ዝናብ የሚበረታበት በመሆኑ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ ጽሑፍ ተጓዦችና የጉዞ አስተባባሪዎች ከመነሣታቸው በፊት፣ በመንገድ ላይና ከጉዞ መልስ በሚኖራቸው ምሽት ሊያደርጉት የሚገባውን ለማስገንዘብ ተዘጋጅቷል።

ስለ ተራራው በአጭሩ

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የሚገኝ ሲሆን ከፍተኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የከተማዋ መካከለኛ ክፍል ደግሞ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በመጀመሪያ የቆረቆሩት በዚሁ ተራራ ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አካባቢ ሠፈር አስቆርቁረው ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ከተማው ከተራራው ወደ ሜዳው ከወረደባቸው ምክንያቶች መካከል የእንጦጦ ብርድና ነፋስ እንዲሁም የማገዶ እጥረት ይጠቀሳሉ። በተራራው ላይ አሁን በስፋት የሚታየው ባሕር ዛፍም የማገዶውንና የግንባታ እንጨቱን ችግር ለማቃለል በምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የገባ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በአካባቢው ለጎብኚዎች ክፍት ከሆኑት ሥፍራዎች መካከል መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመውና 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይገኛሉ። በማዕከሉ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎች አገር በቀል ዛፎችን በቅርበት መመልከት ይቻላል። የተራራ ጉዞ ልምድ የሌላቸው ሰዎች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በዝናብ ወቅት በእነዚህ ሁለት ሥፍራዎች በተዘጋጁ መንገዶች ላይ ቢጓዙ ይመከራል። የመግቢያ ክፍያውንና የመዝጊያ ሰዓቱን በመግቢያ በር ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የክረምቱ ዝናብ ባሕርይ

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከሁሉም ይበረታሉ። ብዙውን ጊዜ ማለዳው ጠራ ብሎ ይቆይና ከቀትር በኋላ ደመናው ይከብዳል፤ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብም ሊወርድ ይችላል። በመሆኑም ጠዋት የታየው ፀሐይ ለቀኑ ሙሉ ዋስትና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የአየሩ ሙቀት በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ተጓዡ ከከተማው መካከል ተነሥቶ ከተራራው ጫፍ ሲደርስ ሙቀቱ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ ልብሱ ከራሰና ነፋስ ካገኘው፣ በረዶ በሌለበት አገርም ቢሆን ሰውነት አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ከመነሣት በፊት፦ የመመለሻ ሰዓት ይወሰን

በክረምት ጉዞ ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጉዳይ ወዴት እንደሚኬድ ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ነው። ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሽሮ ሜዳ የሚነሣ ቡድን 6 ሰዓት ላይ የትም ይድረስ የት ፊቱን ወደ ከተማ እንዲመልስ አስቀድሞ ሊስማማ ይችላል። ይህ ውሳኔ ሁሉም ሰው ደረቅና ያልደከመ ሳለ መወሰን አለበት። ተራራው ላይ ከደረሱ በኋላ ግን “ትንሽ ብቻ ቀርቶናል” የሚለው ስሜት ያይላል፤ የደከመውም ሰው ጓደኞቹን ላለማሳፈር ሲል ዝም ይላል። አስቀድሞ የተቆረጠ ሰዓት ካለ ግን ማንም ማንንም ማሳመን አይኖርበትም።

በጭቃ ላይ ቁልቁለት መውረድ ዳገት ከመውጣት ያላነሰ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችልም መገንዘብ ያስፈልጋል። በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ ጉም በወረደበት ጫካ ውስጥ ዓይን መያዝ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በእንጦጦ አካባቢ ጅቦች የሚንቀሳቀሱት ሲመሽ በመሆኑ፣ ከጫካው በብርሃን መውጣት ለዚህም ጭምር ይጠቅማል።

ተጓዦች የሚከተሉትን ቢይዙ ይመከራል፦

1. ውሃ የማያስገባ ጃኬት ወይም የዝናብ ልብስ። ጃንጥላ ከፍ ባለና ነፋሻማ ቦታ ላይ ብዙም አይጠቅምም።
2. የሱፍ ሹራብና ቅያሪ ካልሲ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ጋቢና ሌሎች የጥጥ ልብሶች ደረቅ ሲሆኑ ሙቀት ቢሰጡም፣ ከራሱ በኋላ ክብደታቸው ይጨምራል፤ ሙቀትም አይዙም።
3. ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ። ሶሉ የተበላ ስፖርት ጫማ በእንጦጦ ቀይ አፈር ላይ ያዳልጣል።
4. በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም ዳቦ፣ የሚጠጣ ውሃና ከተቻለ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ።
5. የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ።

ከቡድኑ ውጭ ላለ አንድ የቤተሰብ አባል የሚሄዱበትን መንገድና የመመለሻ ሰዓትዎን ይንገሩ። ከዝቅተኛ ቦታ ወይም ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ከፍታውን እስኪለምዱ ድረስ በከተማው አንድ ሁለት ቀን ቆይተው ቢወጡ ይመረጣል።

በመንገድ ላይ

*ጅረት ሲሞላ፦* ከእንጦጦ የሚወርዱ ጅረቶች አጫጭርና ቁልቁል የሚወርዱ በመሆናቸው በፍጥነት ይሞላሉ። እርስዎ ባሉበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ የዘነበው ውሃ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የውሃው መልክ ወደ ቡናማነት መለወጡ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረዱና ድምፁ እየጨመረ መምጣቱ ምልክቶቹ ናቸው። በኃይል የሚወርድ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም አዋቂ ሰው ሊጥል ስለሚችል፣ ለመሻገር መሞከር አይገባም። እንዲህ ያለ ጅረት ለመሙላት እንደሚፈጥን ሁሉ ዝናቡ ካባራ በኋላ ብዙውን ጊዜ ለመጉደልም ይፈጥናል። ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ ሆኖ መጠበቅ ወይም በመጡበት መመለስ ይሻላል።

*መብረቅ ሲኖር፦* ብልጭታውን ካዩበት ቅጽበት ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ወዲያውኑ ከተራራው ጫፍ ይውረዱ፤ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ይራቁ፤ የሚቻል ከሆነ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ጉዞ አይቀጥሉ።

*ጉም ሲወርድ፦* እንጦጦ የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ በከተማዋ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይህ ለተጓዥ ተግባራዊ ጥቅም አለው፦ ጉም መንገድ በሰወረ ጊዜ የሳቱ ሰዎች ወደ ከተማው የሚወርዱ መስሏቸው በስተ ሰሜን ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ ሊወርዱ ይችላሉ። አቅጣጫዎን በስልክዎ ያረጋግጡ፤ የሸለቆ ውሃ ተከትለው ግን አይውረዱ፤ ገደል ላይ ሊያደርስዎ ይችላልና። መንገዱ ከጠፋ ቡድኑ በአንድ ቦታ ይሰብሰብ፤ በየተራ ፊሽካ ይንፋ፤ ጉሙ ገለጥ እስኪል ይቆይ።

*በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ፦* ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም ስለማያበቅል አፈሩ በዝናብ ይታጠባል፤ መንገዱም ይቦረቦራል። ነፋስ በሚበረታበት ጊዜ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሊወድቅ ስለሚችል ከዛፎቹ ሥር አይጠለሉ።

ተራራው የጎብኚዎች ብቻ አይደለም። ምእመናን ወደ አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጸበል ይወጡበታል፤ አትሌቶች ልምምድ ያደርጉበታል፤ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችም አሉ። ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ ዳር ይዘው ያሳልፉ፤ ፎቶ ግራፍ ከማንሣትዎ በፊትም ያስፈቅዱ።

ብርድ የበረታበትን ሰው ለይቶ ማወቅ

መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ንግግር መኮላተፍ፣ መደናቀፍ፣ ግራ መጋባትና “ተዉኝ ልቀመጥ” ማለት ሁኔታው መባባሱን ያሳያሉ። ሰውየው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ አስቸኳይ የሕክምና እርዳታ ያስፈልገዋል። ነፋስ ወደማያገኘው ቦታ ይውሰዱት፤ የራሰውን ልብስ አውልቀው ደረቅ ያልብሱት፤ ሙሉ ንቃት ካለው ትኩስና ጣፋጭ መጠጥ ይስጡት። “ብርድ ያስለቅቃል” በሚል አረቄ መስጠት ግን ጎጂ ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን አስፍቶ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ እንዲባክን ያደርጋል።

ከጉዞ መልስ ያለው ምሽት

ከዝናብ ጉዞ በኋላ ተጓዦች በአንድ ቤት ወይም ማረፊያ ተሰብስበው እራት መብላታቸው፣ ቡና ማፍላታቸውና መጨዋወታቸው የተለመደ ነው። በጠዋት ሳይተዋወቁ የተነሡ ሰዎች ወዳጅ የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ከቀኑ አደጋዎች የማይተናነስ አንድ አደጋ በዚሁ ምሽት ያጋጥማል፤ እርሱም የከሰል ጋዝ ነው።

የራሰ ልብስ ለማድረቅና ክፍል ለማሞቅ ሲባል በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይከማቻል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢቆምም መውጣቱን አያቋርጥም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ የደከመ ተጓዥ የዳገቱ ድካም መስሎት ሊተኛ ይችላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተመሳሳይ ስሜት ከተሰማቸው ወዲያውኑ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡና እርዳታ ይጠሩ። ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ ቡና የሚፈላበት ክፍል በርና መስኮት ይከፈት፤ ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።

የምሽቱ መስተንግዶ ሁሉንም ያቀፈ እንዲሆን አስተባባሪዎች አስቀድመው ይጠይቁ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የፍልሰታ ጾም በመሆኑ ብዙዎች የጾም ምግብ ይፈልጋሉ፤ ሙስሊም ተጓዦችም የሚበሉት ሥጋ የት እንደታረደ ማወቅ ይሻሉ። የወጪ መዋጮው መጠን ከመነሣት በፊት ቢነገር ኋላ ቅሬታ አይፈጠርም። አምሽተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶችና ለከተማው እንግዳ የሆኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ከሚሄዱት ጋር ተጣምረው እንዲሄዱ ይደረግ።

ለአስተባባሪዎችና ለተገልጋዮች

ክፍያ የሚጠይቅ አስጎብኚ ድርጅት ወይም አስጎብኚ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫና የታደሰ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠበቃል። ተገልጋዮች ከመክፈላቸው በፊት ይህንን የመጠየቅና ለከፈሉት ገንዘብ ደረሰኝ የመቀበል መብት አላቸው። አስተባባሪው በበኩሉ የተጓዦችን ስምና የቅርብ ተጠሪያቸውን ስልክ በጽሑፍ መያዝ፣ ከፊትና ከኋላ የሚሄዱ ሰዎችን መመደብ፣ በየማረፊያውም ሰው መቁጠር ይኖርበታል። ቡድኑ በፍጥነት መሄድ ያለበት እንደ ደካማው ተጓዥ አቅም ነው።

አደጋ በሚያጋጥምበት ጊዜ በሚከተሉት ነፃ የስልክ ቁጥሮች መደወል ይቻላል፦

• ፖሊስ፦ 991
• የቀይ መስቀል አምቡላንስ፦ 907
• የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር፦ 939

ሲደውሉ ያሉበትን ቦታ በቅርብ ከሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን፣ መንገድ ወይም የፓርክ በር በመነሣት ይግለጹ፤ የተጎዱትን ሰዎች ቁጥርም ይናገሩ።

በመጨረሻም፣ የቡድን ጉዞ የሚጠናቀቀው ከተራራው ሲወረድ ወይም እራት ሲበላ አይደለም። እያንዳንዱ ተጓዥ ቤቱ ሲገባ ለአስተባባሪው አጭር መልእክት ይላክ፤ አስተባባሪውም ጠዋት የመዘገበው ስም ዝርዝር ላይ የመጨረሻው ሰው ቤቱ መግባቱን ሳያረጋግጥ መዝገቡን አይዝጋ።

መልካም የክረምት ጉዞ!