«ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚሉት ቅናሽ

«ስክሪንሾት ይዞ ለመጣ 20 በመቶ ቅናሽ!» ይላል የቴሌግራም ማስታወቂያው። የቀሚሱ ፎቶ አለ፤ ሳይዙ አለ፤ አድራሻውም መካኒሳ አቦ ተብሎ ተጽፏል። ዋጋ ግን የለም። «ለዋጋ ኢንቦክስ» ብሎ ያልፈዋል።

እህቴ ለጓደኛዋ ሠርግ የምትለብሰው ስትፈልግ ነው ያየችው። ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያት ሄድኩ። ባለሱቁ ስልኳን አየት አደረገና «ለሌላ ሰው 4,000 ብር ነው፤ ለእናንተ 3,200» አለን። እህቴ ደስ ብሏት ልትከፍል ስትል፣ ከአጠገባችን ያንኑ ቀሚስ በሌላ ቀለም ይዛ ስትከራከር የቆየች ሴት በ2,800 ብር አስጠቀለለች። ኩፖን የላትም፤ ያላት ምላስ ብቻ ነው።

ባለሱቁ ምንም አልደነገጠም። «እናንተ እኮ ቀንስ አላላችሁኝም» አለ። እውነቱን ነው።

ኩፖን ለአዲስ አበባ ሰው ድሮ ሌላ ትርጉም ነበረው። በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ የሚወጣበት፣ ከጠፋ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሸብር ወረቀት ነበር። ዋጋው የታወቀ ነው፤ የሚያስጨንቀው ዕቃው ማለቁ ነበር። ደንበኛ መሳቢያው ኩፖን ግን የአሜሪካኖቹ ነው። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1887 አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ትኬት ማደል ጀመረ። ብርጭቆው 5 ሳንቲም መሆኑን የማያውቅ ስላልነበረ የትኬቱ ዋጋም ግልጽ ነበር። የእኛ 20 በመቶ ከስንት ላይ ነው የሚቀነሰው?

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። ስለ ዋጋ ቅናሽ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠትንም ይከለክላል። ይህንን ለባለሱቁ ሳነሳበት «ብለጥፍ ሰው ከተለጠፈው ላይ ደግሞ ቀንስ ይለኛል፤ ጎረቤቴ ሳይለጥፍ ብቻዬን ለጥፌ ልክሰር?» አለኝ። አባባሉ ውስጥ እውነት አለ። ደግሞም ተከራክሮ መግዛት የኖርንበት ነው፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ሰውየውን አልወቅሰውም። የሚከፋኝ፣ መከራከር የሚያፍረው ወይም ሞተረኛ ልኮ የሚያስመጣው ሰው «ቅናሽ አገኘሁ» ብሎ ከሁሉም በላይ መክፈሉ ነው።

እህቴ ግን ዝም አላለችም። «በ2,800 ሸጠህላታል፤ በል 20 በመቶውን ከዚያ ላይ ቀንስልኝ» አለችው። 2,240 ብር መሆኑ ነው። ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ክርክሩ በ2,700 አለቀ።

ማታ ቻናሉን ስናየው ያው ቀሚስ እንደገና ተለጥፏል። ቅናሹ 30 በመቶ ሆኗል፤ ዋጋው አሁንም ኢንቦክስ ነው።