ቀና ማለት ኩራት አይደለም

በአገራችን ልጅ ሲመሰገን «አንገቱን የደፋ» ይባላል። ሴት ልጅ ለትዳር ስትጠየቅም «አንገቷን የደፋች ናት» ከተባለ ሌላ ምስክር አይፈለግም። አባባሉ መልካም ነው፤ ሐያእን፣ አደብን፣ ታላቅ ማክበርን ያመለክታል። ነገር ግን አንገት መድፋት ከአደብ አልፎ የጀርባ መጉበጥና የድምፅ መጥፋት ሲሆን ልጆቻችንን ምን ያህል እንደሚጎዳቸው ቆም ብለን ማሰብ ይኖርብናል።

እንዲህ ያለውን ወጣት ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠራ ግን ትከሻውን ሰብስቦ፣ መሬት መሬት እያየ ይቀመጣል። የሚያውቀውን ሲጠየቅ እንኳ ቃሉ ከጉሮሮው አይወጣም፤ ጠያቂዎቹም እውቀቱን ሳይሰሙ ያሰናብቱታል። እንዲህ ያለችውን እህትም እናውቃታለን። ሰውነቷ ማደግ ሲጀምር ለመሸፈን ብላ መጉበጥን ለመደች። ዛሬ ሒጃቧ ሸፍኗት ሳለ ጉብጠቱ አብሯት ቀርቷል።

ለመሆኑ እስልምና ከእነዚህ ወጣቶች እንዲህ ያለ መጉበጥ ይፈልጋል?

ኹሹዕ ያለው በልብ ነው

ዑለማዎች እንደሚተርኩት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) አንድ ሰው አንገቱን ሰብሮ ቢያዩት አንገቱን ቀና እንዲያደርግ አዘዙት፤ ኹሹዕ በልብ እንጂ በአንገት ላይ እንዳልሆነም ነገሩት። በሌላ በኩል ደግሞ ቁርአን በሱረቱ ሉቅማን ውስጥ ፊትን ከሰዎች ማዞርንና በምድር ላይ በኩራት መንጎራደድን ይከለክላል፤ በአካሄድም መካከለኛ መሆንን ያዛል። እንግዲህ ሁለት ጠርዞች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ደረትን ነፍቶ ሰውን መናቅ፣ ሁለተኛው ራስን አሳንሶ መጉበጥ ነው። የሙስሊም ቦታ በመካከላቸው ነው። የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አካሄድ ከቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ፈጠን ያለ እንደነበረና ወደ ሰው ሲዞሩም በመላ ሰውነታቸው ይዞሩ እንደነበር ባሕርያቸውን የዘገቡ ሰሃቦች ነግረውናል።

ሶላታችንንም እንመልከት። በቀን ውስጥ የምንሰግዳቸው አምስቱ የፈርድ ሶላቶች 17 ረከዓዎች አሏቸው። ስለዚህ ሰጋጁ ሱናውን ሳንቆጥር 17 ጊዜ ከሩኩዕ ተነስቶ የጀርባው አጥንት ወደ ቦታው እስኪመለስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን መቆም የሚያጣድፍ ሰው ሶላቱን እንደሚያጎድል ተምረናል። በጌታው ፊት ቀጥ ብሎ መቆምን በየቀኑ የሚለማመድ ሰው በቀጣሪው ፊት የሚሰበርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሶላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አለመሆኑን ግን አንዘንጋ። ጡንቻ ለማጠንከር ብለን አንሰግድም። ጡንቻን የሚያጠነክር ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም ራሱን የቻለ አማና ነው።

ብርቱና ታማኝ

ቁርአን ስለ መቀጠር ሲያወሳ ሁለት መስፈርቶችን ያስቀምጣል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከግብፅ ተሰደው መድየን ሲደርሱ እረኞች ውኃውን ከበው፣ ሁለት ሴቶች ግን መንጋቸውን ይዘው ዳር ቆመው አገኙ። እርሳቸውም ደክሟቸውና ርቧቸው ሳለ አጠጡላቸው፤ ከዚያም ዋጋ ሳይጠይቁ ወደ ጥላ ዘወር አሉ። በኋላ ከሁለቱ አንዷ አባቷ ሙሳን እንዲቀጥሯቸው ስትመክር ከተቀጣሪ ሁሉ የሚሻለው ብርቱና ታማኝ የሆነው መሆኑን ተናገረች (አል-ቀሰስ፣ 28፡26)።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሙሳ (ዐ.ሰ) «ብርቱ ነኝ» አላሉም። ብርታታቸው በሥራ ታየ፤ ምስክሩም ከሌላ ሰው አፍ መጣ። በራስ መተማመን የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው። አስቀድሞ ሠርቶ ያየ ሰው በቀጣሪ ፊት የሚያሳየው ነገር አለው።

የዘመኑ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። በ2010 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በ42 ሰዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል የኃያል ሰው አኳኋን ይዞ መቆየት የሰውነትን ሆርሞን እንደሚለውጥና ሰውን ደፋር እንደሚያደርግ ገልጾ ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች በ200 ሰዎች ላይ ሲደግሙት ግን ሰዎቹ ብርታት እንደተሰማቸው ቢናገሩም ሆርሞናቸው አልተለወጠም። በ2016 ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች አንዷ የሆኑት ዳና ካርኒ ራሳቸው ውጤቱ እውነት ነው ብለው እንደማያምኑ በግልጽ ጻፉ። ስለዚህ ቀና ማለት ለጊዜው ስሜትን ቢያነቃም፣ በመስተዋት ፊት ደረት መንፋት ብቻውን ሰውን አይለውጥም።

ታዲያ የሚለውጠው ምንድን ነው? አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እንዳስረዱት፣ ሰው «እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ራሱ ሞክሮ ሲሳካለት ማየቱ ነው። ክብደት የማንሳት ልምምድ ይህን በግልጽ ያስተምራል። ባለፈው ሳምንት ስድስት ጊዜ ብቻ ያነሳውን ዛሬ ስምንት ጊዜ ሲያነሳ ልዩነቱን ራሱ ይቆጥረዋል፤ ማንም ሊያታልለው አይችልም። በ2018 የታተመና 33 ሙከራዎችን ያሰባሰበ ጥናትም የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ የመደበት ምልክቶችን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ የጠነከረ ክንድ የሒሳብ ጥያቄ አይመልስም። ለቃለ መጠይቁ መዘጋጀት የግድ ነው። ነገር ግን በትዕግሥት መበርታትን በሰውነቱ የተማረ ሰው ያንኑ ትዕግሥት ወደ ሥራው ይዞ ይሄዳል።

በቤታችን ምን እንሥራ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ከሳምንቱም ሦስቱን ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ይሁን ይላል። ለዚህ ውድ ጂም አያስፈልግም። የሰፈር ወጣቶች በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው ብረት እየሰኩ ክብደት ሲያነሱ እናያለን። ለጀማሪ ከዚያም ቀላል መንገድ አለ።

አንደኛ፣ ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። ሁለተኛ፣ ፑሽ አፕ፤ መሬት ላይ ያልቻለ ግድግዳ ተደግፎ ይጀምር። ሦስተኛ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ፣ ወገብን ሳያጎብጡ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎድን መሳብ፤ ይህ የትከሻን ጀርባ ያጠነክራል። አራተኛ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሳት። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በሁለት ዙር መሥራት ለመጀመሪያ ይበቃል። ሲቀል ቁጥሩን ወይም ክብደቱን ጥቂት መጨመር ነው። ትንፋሽ አይታመቅ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ቀለል አድርጎ መሥራት ይቻላል።

እናትና ሴት ልጅ በር ዘግተው ቤታቸው ውስጥ አብረው ቢሠሩት ሸሪዓዊ ድንበርም ይጠበቃል፣ ፍቅርም ይጨምራል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ እንደተሽቀዳደሙ በሐዲስ ተዘግቧል። ብርታት ለወንድ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ልብስ ሰፊው በመኪናው ላይ፣ ሹፌሩ በመሪው ላይ፣ ጸሐፊዋ በኮምፒውተሯ ፊት ሰዓታትን ያሳልፋሉ። ለእነርሱ የሚበጀው ቀኑን ሙሉ እንደ እንጨት ደርቆ መቀመጥ አይደለም። አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት፣ ኮምፒውተሩን ከዓይን ትይዩ ማድረግ ይሻላል።

ቃለ መጠይቅ ላይም እንዲሁ ነው። ሁለቱን እግሮች መሬት አስረግጦ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ ትከሻን ለቀቅ አድርጎ መቀመጥ ትንፋሽን ይከፍታል፤ ድምፅም ይሰማል። አንዲት እህት ባዕድ ወንድ እጁን ሲዘረጋላት ደንግጣ ከመሸማቀቅ፣ ቀና ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በፈገግታ ሰላም ብትል ዲኗንም ክብሯንም ጠበቀች ማለት ነው። ሐያእ ማለት ይህ ነው፤ በእርግጠኝነት የሚፈጸም እንጂ በፍርሃት የሚደረግ አይደለም።

ሚዛኑ

በመጨረሻ ኒያችንን እንመርምር። ጡንቻውን ለማሳየት የሚደክም ሰው ከጉብጠት ወጥቶ ወደ ኩራት ገባ እንጂ አልዳነም። ቶሎ ለመወፈር ብሎ መድኃኒት የሚወስድም አማናውን ያጠፋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱው አማኝ አላህ ዘንድ ከደካማው ይበልጥ የተወደደ መሆኑን ሲያስተምሩ፣ በሁለቱም ውስጥ ኸይር እንዳለ አክለዋል። ሰሃቦች በዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ቀጫጭን እግሮች በሳቁ ጊዜም እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነግረዋቸዋል። በሕመም፣ በእርጅና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ቀጥ ብሎ መቆም ያልቻለ ወገን ክብሩ አልጎደለም። ከእያንዳንዳችን የሚጠየቀው የተሰጠንን ነው።

እናንት ወላጆች፣ ልጃችሁ በታላቅ ፊት አደብ እንዲይዝ አስተምሩት፤ አትጉበጥም በሉት። ሴት ልጃችሁ ስትጎብጥ ብታዩ ከመገሠጻችሁ በፊት የምትደብቀው ነገር ምን እንደሆነ በፍቅር ጠይቋት።

አላህ (ሱ.ወ) ልባችንን ለእርሱ የተዋረደ፣ ጀርባችንን ለሐቅ የቀና፣ ጉልበታችንንም ለሐላል ሥራ የበረታ ያድርግልን። አሚን።