ዝም ያለው ሴንሰር የቱ ነው?

የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ በ«ቲት ቲት» ፈንታ አንድ ረጅም ድምፅ ከሰሙ፣ ብዙውን ጊዜ ከሴንሰሮቹ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። እስኪጠገን ወርደው ሳያዩ ወደ ኋላ አይንዱ፤ ደህናው ሴንሰር እንኳ ቁጢጥ ያለ ሕፃን ሊያመልጠው ይችላል።

«ሁሉም ይቀየር» ቢባሉ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ጭቃውን ይጥረጉ። ከዚያ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱና የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ፓራውልቱ ላይ ያሉትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ በጣትዎ ይንኩ። የሚሠራው እንደ ሰዓት ስስ ትርታ አለው፤ ትርታ የሌለውን ምልክት ያድርጉበት።

ኤሌክትሪሺያኑ ያንን ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ ሴንሰር ጋር ቦታ ያለዋውጠው። ዝምታው አብሮት ከሄደ የሚገዙት አንድ ሴንሰር ብቻ ነው። እዚያው ከቀረ ግን ሶኬቱ ወይም ሽቦው ይፈተሽ፤ በተለይ ፓራውልቱ ተገጭቶ የሚያውቅ ከሆነ።