ዲፈንሱ በሰኔ፣ አዝመራው በኅዳር

የምሕንድስና ተማሪ ፕሮጀክት ብዙ ይወራለታል፤ ወርዶ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ እውነተኛ ችግር ይይዛሉ፣ መፍትሔ ይነድፋሉ፣ በእጃቸው ይሠሩታል፣ ይፈትሹታል፣ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቆመው ይሟገቱለታል፤ ዲፈንስ የሚባለው ይህ ነው። ትምህርቱን ሁሉ በዚህ ላይ ያቆመ ተቋም ማየት የፈለገ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተውን የዴንማርኩን ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ይመልከት። እኔ ወረታን እመርጣለሁ።

ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ታቦር ደግሞ 40 ያህል ትርቃለች። በአንድ ወገን በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተውን ፖሊቴክኒክ የወረሰው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በሌላው ወገን የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። በመካከላቸው የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ፣ የሩዝ ወፍጮ፣ ክረምት የሚያጥለቀልቁ የርብና የጉማራ ወንዞች፣ በበጋ የሚሰነጠቅና ሲርስ እግር የሚይዝ ዋልካ አለው። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ ነው። አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ችግር ቢፈልግ ከአውቶቡስ እንደወረደ ያገኘዋል።

ጋፋትን ካነሣሁ አይቀር፣ ስሙ የመጣው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ካሠሩበት መንደር ነው። ሰዎቹ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈ፤ እየሞከሩ ሄደው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፉ ነው። እኔ የምወደው ያንን የከሸፈውን ሙከራ ነው፤ ስለ መንገዱም ማሰብ ደስ ይለኛል። ንጉሥ የሆነ ለማሽኑ መንገድ ያስጠርጋል። የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ግን 400 ኪሎ የሚመዝን የሩዝ መውቂያ ሠርቶ ገና ያልደረቀ ዋልካ ላይ ሲያቆመው የሚጠርግለት የለም። ስለዚህ ክብደት የመጀመሪያው የንድፍ ጥያቄ መሆን ነበረበት። ባየኋቸው የተማሪ ንድፎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የሚሰላው እሱ ነው።

አንድ የማይለቅ ስሕተትም አለ፤ ለብዙዎች ወርክሾፕ መግባትና ፕሮጀክት መሥራት አንድ ይመስላቸዋል። አይደሉም። ብረት በሞረድ አራት ማዕዘን ማድረግ፣ በቶርኖ ዘንግ መላግ፣ ብየዳ መለማመድ ልምምድ ነው። ይህንን በሥርዓት ያዋቀሩት በ19ኛው መቶ ዘመን የሞስኮ ኢምፔሪያል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው፤ ሥራውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው አንድ በአንድ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ያሳዩት አሜሪካኖቹን ሳይቀር አስደነቀ። ዘዴው ጥሩ ነው፣ እጅ ያፍታታል። ነገር ግን በልምምድ ውስጥ መልሱን መምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል። በፕሮጀክት ግን መልሱን የሚያውቀው ሩዙ ነው፣ ወይም ባለ ወፍጮው፣ ወይም ወንዙ።

ፎገራ ላይ ለተማሪ ቶሎ የሚመጣለት ርእስ የሩዝ መውቂያ ነው። ሩዝ ወደ ሜዳው የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ፣ ጅግናና ሻጋ ላይ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አሁንም ብዙው የሚወቃው መሬት ላይ፣ በበሬ እየተረገጠ ነው። አፈርና ጠጠር ይገባበታል፤ ያ ጠጠር ወፍጮ ቤት ሲደርስ ብረቱን ይበላዋል። ችግሩ እውነተኛ ነው ማለት ነው። ርእሱን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው አያያዙን ነው።

ስሌቱን እንመልከት። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ይዞር፤ የሞተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር 10 ሳንቲ ሜትር፣ ነዶውን የሚወቃው ባለ ጥርስ ከበሮ ፑሌጃ ደግሞ 30 ይሁን። ከበሮው በደቂቃ 667 ጊዜ ያህል ይዞራል። የከበሮው ዲያሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የጥርሱ ጫፍ ፍጥነት በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ለሩዝ ከሚመከረው ከ12 እስከ 16 ሜትር ውስጥ ያርፋል። አሁን ገበያ ላይ ባለ 30 ፑሌጃ ጠፍቶ ተማሪው ባለ 20 ገዛ እንበል። ፍጥነቱ ወደ 21 ሜትር ዘለለ። በፍሬው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ከእጥፍ ያልፋል። ሩዙ ይሰነጠቃል፣ ወፍጮ ቤት ሲገባም ድቃቅ ይሆናል።

ይህንን ፈጠራ እንዳትሉኝ፣ ወረታ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን ነበርኩ። አንድ የተማሪዎች ቡድን ማሽኑን በባዶው አስነሥተው በደስታ ፎቶ ይነሣሉ። ባለ ጋራዡ ቺንጋውን እያየ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማ ቆየና «ልጆች፣ ይሄ በዝቷል፤ ሩዙን ይሰብርባችኋል» አላቸው። መለኪያ አልያዘም። ቀመሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ግን ፑሌጃውን ሲቀይሩ መልሶ ማስላት ለአንዳቸውም አልታሰበውም። በዚያ ቀን የተማሩት ከአንድ ሴሚስተር የማሽን ዲዛይን ይበልጣል ባይ ነኝ።

በባዶ ማስነሣት ፍተሻ አይደለም! ይህንን በየወርክሾፑ በር ላይ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እርጥብ ነዶ ሲገባበት ሞተሩ ያቃስታል፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ያልተወቃ ፍሬ ከገለባው ጋር ይወጣል። እውነተኛው ፍተሻ አድካሚና አቧራማ ነው። ነዶው ተመዝኖ ይገባል። ከማሽኑ ሥር ትልቅ ሸራ ይነጠፋል። ፍሬ በሚወጣበት፣ ገለባ በሚወጣበት፣ ነፋሱ እብቁን በሚያወጣበት፣ በሦስቱም በኩል የወጣው ለየብቻ ይሰበሰባል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ገለባውን በእጅ እየፈለፈሉ የቀረውን ፍሬ መልቀም ነው። ኪሳራው የሚሰላው ከጠቅላላው ፍሬ ነው እንጂ በዋናው አፍ ከወጣው ብቻ አይደለም፤ ይህንን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። 5 በመቶ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። 20 ኩንታል ለሚያወጣ ገበሬ ግን 1 ኩንታል ነው።

ከዚህም የባሰ የሚዘነጋው እርጥበት ነው። እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ሩዝ፣ ለወፍጮ ወደሚስማማው 14 በመቶ ሲደርቅ 93 ኪሎ ይሆናል። አንድ ፍሬ ሳይወድቅ 7 ኪሎ ሄደ፣ ውሃ ነበር። እንግዲህ ጠዋት የመዘነውንና ከሦስት ቀን በኋላ የመዘነውን አነጻጽሮ ማሽኑ 7 በመቶ ያባክናል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ማሽኑን ያለ ጥፋቱ ከሰሰው። ተገላቢጦሹም አለ፤ እርጥቡን መዝኖ አትራፊ ነኝ የሚል። መድኃኒቱ ጥቂት ፍሬ መዝኖ፣ በምድጃ አድርቆ፣ እንደገና መመዘን ነው። ከፍተሻው ሥራ ሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው፤ የሚዘለለውም ይህ ነው። አንዳንድ አማካሪ ደግሞ ይህንን ሳይጠይቅ የማሽኑን ቀለም ማማር አይቶ ያልፋል።

ገለባውም አለ። አንድ ሠርቶ ማሳያ ላይ ልጆቹ ንጹሕ ፍሬ እያፈሱ ሲያሳዩ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ፍሬውስ ደግ፣ ገለባውን ምን አደረጋችሁት ልጄ?» አሉ። «አባባ፣ ያ ተረፈ ምርት ነው» አለ የቡድኑ መሪ። ሽማግሌው ሳቁ። የሩዝ ገለባ በበጋ የፎገራ ከብት ቀለብ ነው፤ ማሽኑ ከጭቃ ጋር ለውሶ ከበተነው፣ ገበሬው ፍሬውን አትርፎ በሬውን ሊያስርብ ነው። በንድፉ መስፈርት ውስጥ ገለባ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም። መስፈርቱ የተጻፈው ግቢ ውስጥ ነበርና።

ይህ ሁሉ ፍተሻ የሚፈልገው ነዶ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚሰበረው። በመደበኛው አቆጣጠር የመመረቂያ ፕሮጀክት በሁለተኛው ሴሚስተር፣ በየካቲት ይጀመርና በሰኔ ዲፈንስ ይደረጋል። የፎገራ ሩዝ የሚታጨደውና የሚወቃው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ማሽኑ ተበይዶ ሲያልቅ በሜዳው ላይ የሚወቃ ሩዝ የለም፤ ሩዙ ሲደርስ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ደግሞ የመጨረሻዎቹን ወራት ለጥናት ይወስዳል። ከወርክሾፕ ጀርባ ዝገት የሚበላቸው መውቂያዎች አንዳንዶቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም የተጣሉት፤ አንድም ቀን ሩዝ አልቀመሱም። መፍትሔው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አይሻም። ርእሱ በአራተኛው ዓመት ጥቅምት ይመደብ፣ በዚያው ኅዳር አውድማ ላይ ወርደው ይለኩ፣ በአምስተኛው ዓመት ኅዳር ማሽኑን ይዘው ይመለሱ።

ይህ ካልሆነ ከየካቲት ጋር የሚስማማ ሌላ ርእስ አለ። በበጋ ፎገራ ሽንኩርት ላይ ነች፤ ርብና ጉማራ ዳር የውሃ ሞተር ሲንደቀደቅ ይውላል። መጽሐፉ ፓምፕ ቢበዛ ከ10.3 ሜትር ጥልቀት ይመጥጣል ይላል። ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጣና አካባቢ ከፍታው 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ጣሪያው ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል፤ የቱቦው ሰበቃና የሚያፈስ መገጣጠሚያ ሲጨመርበት ከ6 ሜትር በላይ ማሰብ ድፍረት ነው። ሞተሩም በዚያው አየር ምክንያት ከተጻፈበት ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ገበሬው ይህንን የሚያውቀው ፓምፑ አልስብ ሲለው ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ያሳብባል። ለተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው የግፊት መለኪያ፣ ባልዲ፣ ሜትርና የስልካቸው ሰዓት ነው። የወንዙ ውሃ በሚያዝያ ከየካቲት ይልቅ ዝቅ ስለሚል ግን ልኬቱን በሁለቱም ወር ይውሰዱት፣ ቱቦውንም እዚያው ከገበሬው ይዋሱ።